“እግዚአብሔር ይመስገን” ቁጥር አይደለም

የአንድ ክልል ግብርና ቢሮ ባለሙያ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደገባ ቢጠየቅ ወረቀቱን አውጥቶ ይናገራል። ጤና ቢሮው ስንት ሕፃን የኩፍኝ ክትባት እንዳገኘ፣ የስንቱ ሕፃን የክንድ ዙሪያ ከቀዩ መስመር ላይ እንዳረፈ ወረዳ በወረዳ ከፍሎ ያሳያል። ገቢዎች ቢሮማ ጠያቂውን ራሱን ጭምር መዝግቦ ይዞታል። እንግዲህ ለእነዚሁ ቢሮዎች አንድ ሌላ ጥያቄ ይቅረብላቸው፦ ከዚህ ሕዝብ ውስጥ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጠዋት ሲነሣ ዕረፍት አግኝቶ የተነሣው ምን ያህሉ ነው? ለሰው እጠቅማለሁ ብሎ የሚያስበውስ? ነገ ከዛሬ ይሻላል የሚለውስ?

መልስ የለም። ቢበዛ አንዱ ተነሥቶ በአንድ ከተማ የተሠራ የመመረቂያ ጥናት ይጠቅሳል፤ ያም ካስታወሰው ነው።

የአማራ ክልል ለምሳሌ ይወሰድ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 17.2 ሚሊዮን ሰው ነበረው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተደረገ የዛሬው የሕዝብ ብዛት ራሱ ግምት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው ውጊያው ላሊበላንና ወልዲያን፣ ቀጥሎም ደሴን አዳረሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። አሥር ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዚሁ ክልል ባገረሸው ሌላ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈ ሕዝብ በውስጡ ምን እንደተሸከመ፣ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ይሁን እየተሻለው፣ ከዋግ ኽምራና ከምሥራቅ ጎጃም የትኛው ይበልጥ እንደተጎዳ በየጊዜው እየለካ የሚናገር ሥርዓት የለም። ትግራይም አፋርም ወለጋም ያው ናቸው። አማራ ክልል ለምሳሌ ተጠራ እንጂ የተለየ ሆኖ አይደለም።

“ጥናት ሞልቷል እኮ” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጥናት ሞልቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ አንዳንዶቹም ከኪሳቸው እያወጡ፣ ጦርነት ባለፈባቸው ከተሞችና በተፈናቃይ መጠለያዎች መጠይቅ ይዘው ዞረዋል። ለምሳሌ በጌዴኦ ዞን ተፈናቃዮች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ምልክት እንዳለባቸው ዘግቧል። እነዚህ ሰዎች የሚመሰገኑ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ይህም ባልኖረ። ችግሩ ያለው ቁጥሩ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው። የአንድ ከተማ፣ የአንድ ወር፣ የጥቂት መቶ ሰዎች ቁጥር ከወረቀቱ ይነቀልና መኪና ይሳፈራል። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በሚታይ ስላይድ ላይ “የክልሉ ሕዝብ 60 በመቶ” ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ ፕሮፖዛል ይገባል፣ ከፕሮፖዛሉ ዜና ይገባል፣ ከዜናው የፖለቲከኛ ንግግር ይገባል። ሦስት ወር ሳይሞላ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ ባወጡት ግምት ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22.1 በመቶው፣ ማለትም ከአምስቱ አንዱ፣ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። የአገር ቤቱ ጥናት ከአምስቱ ሦስት ሲል የዓለሙ ከአምስቱ አንድ ይላል። አንዳቸው ዋሹ ማለት ነው? አይደለም። የመጀመሪያው በመጠይቅ የተጣራ የሥቃይ ምልክትን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው በሐኪም ቢታይ ሕመም ተብሎ የሚመዘገበውን ለመገመት ይሞክራል። ልጁን ቀብሮ ሌሊት የማይተኛ አባት በመጀመሪያው ይቆጠራል፣ በሁለተኛው ላይቆጠር ይችላል። ይህን ልዩነት ሳይናገሩ ቁጥር መወርወር ሕዝቡን በሙሉ በሽተኛ ማድረግ ነው፤ ወይም፣ እንደ ተናጋሪው ፍላጎት፣ ሥቃዩን በሙሉ መካድ ነው።

መስመሩን የሚያሰምረው ማነው የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያ ብዙ የተሠራበት ባለ20 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ራስ ያምዎታል ወይ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል ወይ፣ እንቅልፍ ይነሣዎታል ወይ እያለ ያለፈውን አንድ ወር በ“አዎ” እና በ“አይ” ይጠይቃል። ከስንት “አዎ” ጀምሮ ነው ሰውየው ተጨንቋል የሚባለው? በአንዱ አገር 8፣ በሌላው 6፣ በሌላው 11። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጉራጌ ቡታጅራ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ቤት ለቤት ሲጠየቁ ተመራማሪዎቹ መስመሩን 11 ላይ አሰመሩ፤ 17 በመቶ ያህሉ ከመስመሩ በላይ ሆኑ። መስመሩ ዝቅ ቢል ኖሮ ያው ሕዝብ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው መልስ፣ ይበልጥ የተጨነቀ ይመስል ነበር።

ቡታጅራ ከተነሣ ግን አንድ ሰበብ እዚሁ ይቀበር። “በኛ አገር ገጠር እንዲህ ያለ ነገር መለካት አይቻልም” የሚለው። አትላዝ የሌለው ቀበሌ፣ መንገድ የሌለው መንደር፣ ማንበብ የማይችል ሕዝብ ተብሎ የሚደረደረው ሁሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በመሠረቱት የቡታጅራ ጣቢያ እነ ዶክተር አታላይ ዓለምና ዶክተር ደረጀ ከበደ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናታቸው 68,378 ሰው አጣርተዋል። ሞባይል ስልክ ገጠር ሳይገባ፣ በእግር፣ በደጋና በቆላ። መጠይቁ ብቻ ስለማይበቃም የአካባቢውን ሽማግሌዎችና አዋቂዎች “በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?” ብለው ጠይቀዋል፤ ሐኪም ቤት የማያውቃቸው ብዙ ሰዎችም የተገኙት እንደዚያ ነው። ከ25 ዓመት በፊት የተቻለው ዛሬ ታብሌት በታደለበት ዘመን “አይቻልም” ከተባለ አለመቻል ሳይሆን አለመፈለግ ነው።

ሐኪም ቤት የመጣውን መቁጠርም የሕዝብ ልኬት አይደለም። ሆዱን ባር ባር ያለው፣ ጭንቅ ጥብብ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው፤ ወይም ሼሁ ዘንድ፤ ወይም የትም አይሄድም። የጤና ጣቢያው መዝገብ የሚነግረው መድኃኒትና ባለሙያ የት እንዳለ ነው። ባለሙያ በሌለበት ወረዳ በመዝገብ ላይ የተጨነቀ ሰው የለም። በዚህ ሒሳብ ከሆነ የኢትዮጵያ ጤናማው ሕዝብ ጤና ጣቢያው የተቃጠለበት ነው።

የሚለካውስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ የእንግሊዝን ሰሜን ምዕራብ ማየት ይጠቅማል። ማንችስተርና ሊቨርፑል ያሉበት፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ከለንደን ጋር ሲነጻጸር የተጎዳ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢው የጤና ተቋማት 18,500 ሰዎችን ፊት ለፊት ጠየቁ። የጠየቁት ግን ሕመምን ብቻ አልነበረም። ዎሪክና ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲዎች ካዘጋጁት መለኪያ ያጠረውን፣ ሰባት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለውን፣ ተጠቅመው የወደፊቱን በተስፋ ያይ እንደሆነ፣ ጠቃሚ ነኝ ይል እንደሆነ፣ ዘና ይል እንደሆነ፣ የገጠመውን ችግር ይወጣው እንደሆነ፣ አእምሮው ጥርት ብሎ ያስብ እንደሆነ፣ ከሰው ይቀራረብ እንደሆነ፣ በራሱ ነገር ራሱ ይወስን እንደሆነ መረመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደገሙት። ስኮትላንድም ረጅሙን መለኪያ ከ2008 ጀምሮ በመደበኛው የጤና ጥናቷ ውስጥ አስገብታዋለች።

ቁም ነገሩ ያለው “ደገሙት” የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የተለካ ነገር ፎቶ ነው። ሕዝብ እየተሻለው ወይም እየባሰበት መሆኑ የሚታወቀው ያው ጥያቄ፣ በዚያው መንገድ፣ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ሲጠየቅ ነው። የሕፃናት መቀንጨር በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 38 በመቶ፣ በ2019 37 በመቶ ነበር ተብሎ በድፍረት የሚነገረው ቁመቱ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011፣ በ2016 እየተደጋገመ ስለተለካ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሕፃኑን ቁመት የለካው ባለሙያ አጠገቡ የቆመችውን እናት “አንቺስ እንዴት ነሽ?” አላላትም። በ2016ቱ ጥናት ስለ አእምሮ ጤንነት የሚጠይቅ ክፍል አልነበረም። ይኸው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ የአእምሮ ጤና ክፍል እንደ አማራጭ ጨምሯል፤ ኔፓል በ2022 ተጠቅማበታለች። አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም ማለት ነው። ጠያቂው ለሌላ ነገር ቤቱ ገብቶ ተቀምጧል።

ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። “እንዴት ነዎት?” ሲባል የአገሩ ሰው የሚመልሰው ይታወቃል፦ እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህ። ቤቱ ተቃጥሎበት እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጁ ዘምቶ ሳይመለስ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ምስጋና ነው እንጂ መረጃ አይደለም፤ ውሸትም አይደለም። ለእንግዳ ጉዳትን ዘርግፎ ማሳየት ነውር ነው፣ ፈጣሪን ማማረር ደግሞ ኃጢአት። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ይባላል። ከውጭ በተገለበጠ አማርኛ “ከዜሮ እስከ አምስት ባለው ስሌት ደስተኝነትዎን ይግለጹ” የሚል ጠያቂ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የሚላተመው። የሚያገኘውም ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ለሁሉም አምስት የሚል እና ስሌቱን የሚጠላ።

ሰዉ ግን ሕመሙን የሚናገርበት ቋንቋ የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተርፎታል። አንጀቴ አረረ ይላል። ልቤ ተሰበረ፣ ውስጤ ተቃጠለ፣ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፣ መላ ሰውነቴን እንደ እሳት ይለበልበኛል ይላል። ይህ ግጥም አይደለም፣ የሕመም ገለጻ ነው። በእስራኤል ከኢትዮጵያ በሄዱ ሰዎች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያዊውን የአእምሮ ሐኪም ፍቅሬ ወርቅነህን ይዘው፣ ባለ20 ጥያቄውን መጠይቅ ያስፋፉት ይህን ስለተረዱ ነው፤ የአገሩ ሰው ጭንቀቱን የሚናገርባቸውን አባባሎች ጨመሩበት። ያ ሥራ የታተመው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ዛሬም በየመጠለያው የሚዞረው መጠይቅ አማርኛው የተርጓሚ አማርኛ ነው። ክልሉ ደግሞ አማርኛ ብቻ አይደለም፤ አዊ አለ፣ ኽምጣና ተናጋሪው ዋግ አለ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው የከሚሴ ሰው አለ።

ማን ጠየቀው የሚለውም አለ። መረጃ ሰብሳቢው የሚመጣው በቀበሌ ሰው እየተመራ ነው። ያ የቀበሌ ሰው የእርዳታ ስም ዝርዝር የሚይዝ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደታየ የሚያውቅም እሱ ነው። እሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ “ለወደፊቱ ተስፋ አለዎት?” የምትባል ሴት ምን ትበል? ስንዴ ይሰጠኛል ብላ ካሰበች ሥቃይዋን ታበዛለች፤ እታሠራለሁ ብላ ከፈራች “አዎ፣ በጣም ተስፋ አለኝ” ትላለች። ሁለቱም መልስ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ልክ ናት። ጥፋቱ የአጠያየቁ ነው። ሴትን ሴት ትጠይቅ፣ የቀበሌው ሰው ደጅ ብቻ ሳይሆን መንደሩ ውስጥ አይኑር፣ ስም አይጻፍ። ይህ የቅንጦት ዝርዝር አይደለም፤ ከሌለ ቁጥሩ የፍርሃት ቁጥር ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ነው። ከሃያዎቹ ጥያቄዎች ውስጥ አሥራ ሰባተኛው ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል ወይ ይላል። ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር አንዲት እናት ለማታውቀው ወጣት “አዎ” ትላለች። ወጣቱ ምልክት ያደርጋል። ወደ አሥራ ስምንተኛው ያልፋል። ሃያውን ይጨርሳል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል፣ አንዳንዴ ሳሙና ይሰጣል፣ ይሄዳል። እሷ እዚያው ናት። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ወረቀት ላይ “ችግር ያለባቸው ወደ ጤና ተቋም ይላካሉ” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ተቋሙ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ደርሳም መድኃኒቱ የለም፣ መድኃኒቱ ቢኖር የሚያውቀው ነርስ ለሥልጠና ሄዷል። እንዲህ ከሆነ አለመጠየቅ ይሻላል። የቡታጅራው ጥናት ከሚመሰገንበት አንዱ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ይዞ መምጣቱ ነው፤ በኋላም ሶዶ ወረዳ ላይ ሕክምናውን በጤና ጣቢያ ደረጃ የማድረስ ሥራ ተከተለው። ጠያቂና ሐኪም አብረው መሄድ እንደሚችሉ እዚያ ታይቷል።

“መጀመሪያ ዳቦ” ባዮች አሉ። ሕዝብ ተርቦ ስለ ተስፋው መጠየቅ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ሐዘን ቤት ሄደው ሦስት ቀን ይቀመጣሉ። ለቅሶ ቤት ለሐዘንተኛው እህል ውሃ ብቻ ሳይሆን ሰው እንደሚያስፈልገው ያውቃሉ፤ ዕድሩ ድንኳን የሚተክለው ለዚያ ነው። በገዛ መንደራቸው የማይጠራጠሩትን ነገር ስለ ሌላው ወረዳ ሲሆን ቅንጦት ያደርጉታል። ያዘነ ገበሬ አያርስም፣ ስለዚህ ለምርት ሲባል ይለካ የሚል ክርክርም ይሰማል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰው ደህና እንዲያድር መፈለግ በኩንታል መረጋገጥ ካለበት ነገሩ ተበላሽቷል።

ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ሳይሆን አይቀርም። የዚህ ቁጥር ባለቤት መሆን የሚፈልግ ባለሥልጣን የለም። የዝናብ እጥረት ያመጣው የምርት መቀነስ በሰማይ ይሳበባል። “ከክልሉ ሕዝብ ይህን ያህሉ ተስፋ የለውም” የሚል ቁጥር ግን ቀጥሎ “ለምን?” ያስብላል፤ የለምን መልስ ደግሞ ወንበር ያለው ሰው ላይ ያርፋል። ጫካ ያለውም ቢሆን አይወደውም፤ ስለ ማን ስም እንደሚዋጋ የሚናገርለትን ሕዝብ ሌላ ሰው ሄዶ “አንተስ ምን ይሰማሃል?” እንዲለው አይፈልግም። ለጋሽ ድርጅቱም ቢሆን ትልቁን ቁጥር ነው የሚሻው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ቁጥር በጀት ያስቀንሳል። በዓመታዊው የዓለም የደስታ ሪፖርት ኢትዮጵያ ስንተኛ ወጣች እየተባለ ሲወራ ይሰማል፤ ያ ግን በአገር በዓመት አንድ ሺህ ገደማ ሰው ተጠይቆ የሚሠራ ነው፤ ስለ ዋግ የሚለው ነገር የለም፤ ማንንም አያስጠይቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ይወደዋል።

“የውጭ መለኪያ ነው” ለሚሉት ደግሞ የራስን ማዘጋጀት የከለከለ የለም። ቡታን 9 ዘርፍና 33 አመልካች ያለው የራሷን መለኪያ ሠርታ ሕዝቧን ጠይቃለች፤ የጎረቤት ግንኙነትንና መንፈሳዊ ሕይወትን ሁሉ አስገብታ። እዚህም ሊጠየቅ የሚገባው ሩቅ አይደለም። የሞተብዎትን በወጉ ቀብረው ለቅሶ ተቀምጠዋል? ዕድርዎ እንደ ድሮው ይሰበሰባል? ከጎረቤት ቡና ትጠራራላችሁ ወይስ ቀረ? ከመሸ በር ሲንኳኳ ምን ይሰማዎታል? ልጅዎን ወደ ገበያ ሲልኩ ይመለሳል ብለው ነው? በጦርነት አስከሬን ሳያገኝ የቀረ ቤተሰብ በየመንደሩ አለ፤ የማንኛውም የውጭ መጠይቅ ሃያ ጥያቄ ይህን አይነካም።

የቡታን ነገር ሲነሣ ግን አንድ ነገር አብሮ ይነሣ። ይህች የደስታ አገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ኔፓልኛ ተናጋሪ ነዋሪዎቿ አገር ለቀው በኔፓል መጠለያዎች ለዓመታት ተቀምጠዋል። የደስታው ጥናት እነሱን አልጠየቀም፤ አገር ውስጥ የሉማ። የቤት ለቤት ጥናት ሁሉ ይህ በሽታ አለበት፤ የሚቆጥረው ቤት ያለውን ነው። ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ተብሎ ዕጣ ይወጣለታል? ናሙናው የሚወጣው ከቆጠራ ካርታ ነው፤ የተሟላው የመጨረሻ ቆጠራ ደግሞ የ1999ኙ ነው። ያኔ እሱ ወለጋ፣ በገዛ ቤቱ ነበር። ስለዚህ ስለ ክልሉ ሕዝብ የአእምሮ ደህንነት ነገ ጥናት ቢጀመር እንኳ መጠለያዎቹ ለብቻቸው ተመዝግበው ካልገቡ ድንኳኑ በካርታው ላይ የለም፤ መረጃ ሰብሳቢውም አልፎት ይሄዳል።